ማን ያዘዋል

ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ቤት፤
ስድስት ኮምፒውተር፦ አራቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ለመለዋወጫነት።
ጋቢ ደርበን፣ ጣታችንን በትንፋሽ እያሞቅን፣
ማታ ማታ ሌላ ከተማ እንገዛለን፣ ይህቺን ትተን።

ስሟን ላይ ሰፈር አልናት። ብርድ የላትም፤
ብርድ መሥራት አያቅተንም ነበር፣ ግን ማንም አልፈለገም።
መቶ ሰባ ሰው አላት፦ ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ጋራዥ ያለው፣
ዳቦ ጋጋሪ፣ ሌባ። ሌባ መሆንም በፈቃድ ነው።

ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰማንያ ሰባት አንቀጽ፤
እያንዳንዱ የአንድ ሌሊት ጠብ ነው፣ የአንድ ሰው ገጽ።
«በሰርግ መሐል መተኮስ ክልክል ነው» — ያ የቤዛዊት ሰርግ።
«ሬሳ አይሳደብም» — ሞቶ እንኳ አፉ አላርፍ ያለው ጄኔራል፣ ያ ባለ ማዕረግ።
ማንም አላነበበው። እኔም ከአርባ በላይ ያለውን ረሳሁ።
አስከባሪ ሾምኩ፤ ኋላም ለአስከባሪው አስከባሪ ሾምኩ።

አንዱ ማንያዘዋል ነው። እንቅልፍ የለው፣ ሌባ ከሩቅ ይሸተዋል።
ስሙን ለሁለት ከፍለን እንቀልድ ነበር፦
«ሰዉን ማንያዘዋል ያዘዋል፤ ማንያዘዋልንስ ማን ያዘዋል?»
ሳቅን። ሳቅ ጥያቄን አባብሎ ያሳድራል።

መሐል ሜዳ አንድ ልጅ አለ፣ ፍሬስብሐት የሚሉት፣
በላይ ሰፈር አምቡላንስ ይነዳል። ሌላው ሽጉጥ ሲለምን፣
እሱ የለመነን ይህን ብቻ ነው።
መንገዱ ባዶ ሲሆን እንኳ ፍሬቻ ያበራል፤
ታማሚውን — ታማሚ የለም፣ ምስል ነው — «አይዞህ፣ ደረስን» ይላል።

በግንቦት አንድ ማታ አምቡላንሱ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ።
ሾፌሩ ዝም። ጥሩምባ በዛ፤ ሰልፉ እስከ ገበያ ረዘመ።
ማንያዘዋል ደረሰ። አንቀጽ አርባ አንድ፦ «መንገድ የዘጋ ይታገድ»።
አልጠየቀም፣ አልጠራም፤
አንድ ጣት በቃ፣ የአንድ ዓመት ሥራ ለመናድ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ «መብራት ጠፍቶ ነው» ይላል፤
«አገሩ በሙሉ ጨልሞ ነበር። ታማሚውስ ደርሷል?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያፈርኩት በማንያዘዋል አልነበረም፤
ሰማንያ ሰባት አንቀጽ ጽፌ «ተከሳሽ ይሰማ» የሚል የለበትም።

እሁድ ሁሉንም ጠራኋቸው። መብራት የለም፤ ደግ ሆነ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታችን ወደ ፊታችን ዘነበለ።
ሳምራዊት እስክሪብቶ አነሣች። «ይሄ ለምን ተጻፈ?» እያለች፣
እየሰረዘች፣ እየሰረዘች፣ ዘጠኝ አስቀረች።
«ከሳሽ ዳኛ አይሁን። ያገደ ምክንያቱን ይጻፍ፣ ሌላ ሰው ያንብበው።»
«ሹመት ሦስት ወር» አለ መክብብ ከጥግ፤
«ከዚያ አንድ ሳምንት ጠራጊ ነው፤ መጥረጊያ ብቻ የሚይዘው።»
«አንተስ?» አለችኝ ሳምራዊት። ስለ እኔ አላሰብኩም ነበር።
«እኔም» አልኩ፣ ዘግይቼ።

ማንያዘዋል ጋቢውን ሰብስቦ ቆየና፦
«አያቴ አንኮበር ገበያ ያየውን ያወራ ነበር።
ሁለት ሰው ዱላ ለዱላ ሲማዘዝ አንዲት ጨው ሻጭ
‹በሕግ አምላክ!› ብትል፣ ዱላው አየር ላይ ይቀር ነበር።
እሱ ይግባ። ማንም ይበለው። በማንም ላይ።»
አሥረኛ አድርገን ጻፍነው፣ በሻማ፣ ከገጹ ታች።

ወር ሳይሞላ አንዱ በአደባባይ እናቴን ጠርቶ ሰደበኝ።
ጣቴ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ማንም እንዲነግረኝ አልፈለግኩም፣ ማንም እንዲይዘኝ።
ስክሪኑ ላይ ሁለት ቃል በራ፣ ከአምቡላንሱ መስኮት፦
«በሕግ አምላክ።»
የበሬሳን ውርጭ አውቀዋለሁ፣ አድጌበታለሁ፤
እንዲህ አድርጎ ግን ጣቴን አድርቆት አያውቅም።

ይሄ ሳምንት የኔ ነው። ላይ ሰፈርን እጠርጋለሁ።
ቆሻሻ የላትም፣ መሥራቱን ረስተነዋል፤
መጥረጊያውን ግን ግራ ቀኝ እላለሁ።
ከኋላዬ ጥሩምባ፤ ፍሬቻው ብልጭ፣ ብልጭ ይላል፦
«ጋሼ፣ ጥግህን ያዝ» አለኝ ልጁ፣ «መንገድ ዘግተሃል።»